ሳነቴን ግድግዳ ላይ ለመስቀል

ሮቤ ወይም ጎባ ሻይ ቤት ገብታችሁ ግድግዳውን ብታዩ፣ የስዊዘርላንድ ተራራ ሳታገኙ አትቀሩም፤ በረዶ፣ ሐይቅ፣ የእንጨት ቤት። ከጎባ በላይ ግን ጅብራ የበቀለበት የሳነቴ አምባና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ አለ። የባሌ ተራሮች ፓርክም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፖስተሩ ደግሞ ውሎ አድሮ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቢጫውና ቀዩ ቀለም ብርሃን ሲመታው ቀድሞ ይለቃልና።

“የሙዚየም ደረጃ” የሚባለው የስዕል ህትመት እንዲህ ቶሎ አይለቅም። ጂክሌ የሚለውን ስም በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣለት አሜሪካዊው አታሚ ጃክ ዱጋን ነው። ዋናው ስዕል በከፍተኛ ጥራት ይቀዳል፤ ከዚያ ማሽኑ ቀለሙን በጥቃቅን ነጠብጣብ ይረጫል። ቁም ነገሩ ቀለሙና ወረቀቱ ላይ ነው። ርካሹ ፕሪንተር በሚሟሟ ማቅለሚያ ሲሠራ፣ ይኸኛው በደቀቀ ጠጣር ቀለም፣ በፒግመንት ያትማል። ወረቀቱም አሲድ የሌለበት የጥጥ ወረቀት ነው።

ሻጩ ስላለ ብቻ አትመኑ። የሐሰተኛ ብር መለያውን ሐምራዊ መብራት ተውሳችሁ፣ ጨለም ያለ ቦታ የወረቀቱ ነጭ ጠርዝ ላይ አብሩበት። ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ካለ ማንጫ ኬሚካል አለበት፤ ኬሚካሉ ሲደክም ንጣቱም አብሮ ይሄዳል። ስዕሉንም በስልክ ቀርባችሁ አንሱና አጉሉት፤ ክብ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ነጥቦች ከታዩ የማተሚያ ቤት ፖስተር ነው። በእርሳስ የተጻፈ 12/50 ማለት፣ በ50 ከተወሰነው ህትመት 12ኛው ማለት ነው። ሠዓሊው ካልፈረመበት ግን እኔ ለቁጥሩ ብዬ ብር አልጨምርም።

ከኢንተርኔት ያወረዱትን ስዕል ባነር ቤት ወስዶ ሸራ ላይ ማሳተምም ተለምዷል። 60 በ90 ሳንቲሜትር የሆነ ጥርት ያለ ህትመት 7,000 በ10,600 ፒክስል ገደማ ይፈልጋል፤ ስልክ ላይ የተቀመጠው ምስል እዚያ አይደርስም። ሕጉም አለ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ገና ረጅም ጊዜ ይቀራቸዋል።

ባሌ ላይ አሰቃቀሉም ያሳስባል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያለቅቀው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚያይል፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ፊት አይሰቀልም። በጉም ወቅት መስታወቱ ላቦት ሲይዝ ህትመቱ እንዳይጣበቅበት፣ በመካከላቸው አሲድ የሌለው ወፍራም ካርቶን ይግባ። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ከፍሬሙ ጀርባ፣ ታችኛዎቹ ማዕዘኖች ላይ ቁራጭ ቡሽ ለጥፉ፤ አየር ያሳልፋል። ዕጣን የሚጨስበት የቡና ማዕዘንም አይሆንም። ፍሬሙን እዚያው ሮቤ ማሠራት ይሻላል፤ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መስታወት ጭኖ ከመምጣት፣ ህትመቱን ብቻ ጠቅልሎ በጠንካራ የካርቶን ቱቦ ማምጣት ይቀላል።