ሁለት ጊዜ የማይጻፍ ኢንቮይስ

በምሥራቅ ኦስሎ፣ በአልና ክፍለ ከተማ፣ ሊንደበርግ የሚባል የመኖሪያ ሠፈር አለ። ሁለት ቁጥር ሜትሮ ያልፍበታል፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ይበዙበታል፣ ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። የኖርዌይ ትልቁ የባቡር ጭነት ተርሚናል አልናብሩም የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ኮንቴይነሩ ሲጫንና ሲራገፍ ማንም ያየዋል። ከዕቃው ጋር የሚሄደው ትዕዛዝ፣ የጭነት ዝርዝርና ኢንቮይስ ግን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ስለሚያልፍ አይታይም።

ይህ የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ የሊንደበርግ ነዋሪ ሦስት ሠራተኞች ያሉት የጽዳት ድርጅት አለው፣ የማዘጋጃ ቤቱን ትምህርት ቤት ያጸዳል እንበል። ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡን በወረቀት ቢያቀርብ አይሆንም፤ ፒዲኤፍ አድርጎ በኢሜይል ቢልክም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ የኖርዌይ መንግሥታዊ ተቋማት ከአቅራቢዎቻቸው የኤሌክትሮኒክ ኢንቮይስ እንዲጠይቁ በደንብ ተደንግጓል። ማዕከላዊው መንግሥት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ይህንኑ ሲጠይቅ ቆይቷል።

ፒዲኤፍ ምን ጎደለው? ፒዲኤፍ ሰው እንዲያነበው የተዘጋጀ ገጽ ነው። ተቀባዩ ዘንድ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ተቀምጦ ስሙን፣ መጠኑንና ታክሱን እያየ እንደገና ወደ ኮምፒውተር ያስገባዋል። አንድ ዜሮ የምትጨመረው፣ አንድ ኢንቮይስ ሁለት ጊዜ የሚከፈለው በዚህ መሐል ነው። የኤሌክትሮኒክ የመረጃ ልውውጥ፣ በአጭሩ ኢዲአይ፣ እያንዳንዱን ቁጥር አስቀድሞ በተወሰነለት ቦታ ያስቀምጣል። ስለዚህ የተቀባዩ ሶፍትዌር ያለ ሰው እጅ አንብቦ መዝገቡን ይሞላል።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር መስፋፋት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1948 በርሊን ተከብባ ምግብና ከሰል በአውሮፕላን ሲገባላት፣ ኤድዋርድ ጊልበርት የተባለ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ በቴሌክስም በስልክም ሊተላለፍ የሚችል አንድ ወጥ የጭነት ዝርዝር አዘጋጀ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ኤዲፋክት የተባለውን ዓለም አቀፍ የመልእክት ደረጃ አወጣ። የኖርዌይ ጉምሩክም ትቪን በተባለው ሥርዓቱ ዲክላራሲዮን በኤሌክትሮኒክ መንገድ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ችግሩ ዋጋው ነበር። ሁለት ድርጅቶች ለመገናኘት የራሳቸውን መስመር ይዘረጋሉ፤ ሦስተኛ ሲመጣ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። የጽዳት ድርጅቱ ባለቤት ለዚህ አቅም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረውና የኖርዌይ መንግሥት መሥሪያ ቤት ያስተባበረው ፔፖል የተባለ የአውሮፓ ፕሮጀክት ይህን ቀየረው። ላኪው ከአንድ አገናኝ ድርጅት ጋር ብቻ ይዋዋላል፤ ተቀባዩም የራሱ አገናኝ አለው። ሁለቱ አገናኞች በአንድ ዓይነት ቅርጽ ይነጋገራሉ። በኖርዌይ አድራሻው ዘጠኝ አኃዝ ያለው የድርጅት ምዝገባ ቁጥር ነው፤ ማን የት እንደሚቀበል የሚናገረውን መዝገብ ደግሞ መንግሥት ያስተዳድረዋል። ዛሬ በፔፖል እስከ ሲንጋፖር፣ አውስትራሊያና ጃፓን ድረስ ይሠራበታል።

መስመሩ ተዘረጋ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ከባዱ ክፍል መልእክቱን ድርጅቱ ውስጥ ካለው የሒሳብ፣ የመጋዘንና የግዢ ሥርዓት ጋር ማዋሐዱ ነው፤ ብዙ ገንዘብና ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚህ ነው። ሻጩ «10» ብሎ የላከው ካርቶን ሆኖ ገዢው በፍሬ የሚቆጥር ከሆነ፣ መጋዘኑ 240 ጠርሙስ ተቀብሎ መዝገቡ 10 ይላል። ለዚህ ሲባል መለኪያዎች ዓለም አቀፍ ኮድ ተሰጥቷቸዋል፤ ለኪሎግራም አንድ፣ ለሰዓት ሌላ። የዕቃው ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ሻጩ በራሱ ኮድ፣ ገዢው በራሱ ኮድ ከያዘው፣ መሐል ላይ ሁለቱን የሚያስተሳስር ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥርም የሚያድሰው ኃላፊነቱ የታወቀ ሰው።

የፔፖል ሕግ ሌላም ግዴታ አለው። ኢንቮይሱ የገዢውን ማጣቀሻ ወይም የግዢ ትዕዛዙን ቁጥር ካልያዘ ተቀባይነት የለውም። የመስመሮቹ ድምር ከጠቅላላው ካልገጠመም ፍተሻውን አያልፍም። ይህ ጥብቅነት ለጀማሪ ያስቸግራል፤ ነገር ግን ስህተቱ ወር ቆይቶ ክፍያው ሲዘገይ ሳይሆን ገና ከመነሻው ይያዛል። ትዕዛዙ፣ የርክክብ ሰነዱና ኢንቮይሱ በአንድ ቁጥር ሲተሳሰሩ የገዢው ሥርዓት ሦስቱን ራሱ ያስተያያል፤ ሰው የሚጠራው ልዩነት ሲያገኝ ብቻ ነው። ገንዘቡን ቶሎ ማግኘት የህልውና ጉዳይ ለሆነበት ትንሽ ድርጅት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኢትዮጵያም በዚህ መንገድ ላይ ናት። በጥር 2012 ዓ.ም. በይፋ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ከጉምሩክና ከልዩ ልዩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ ለማግኘት ሰነድ ይዞ መዞርን ለማስቀረት የታሰበ ነው። አስመጪው ወይም ትራንዚተሩ መረጃውን አንድ ጊዜ ያስገባል፤ መሥሪያ ቤቶቹ በዚያው ላይ ይወስናሉ።

ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ቀረጡ ከተከፈለ በኋላ ግን መረጃው የአስመጪው ቢሮ ደጃፍ ላይ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ዲክላራሲዮኑ ይታተማል፤ ሒሳብ ሠራተኛው ዋጋውን፣ ቀረጡንና ተጨማሪ እሴት ታክሱን እያየ ፒችትሪ ወደተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር በእጁ ያስገባል። ኖርዌይ በመንግሥት ግዢ በኩል የዘጋችው ክፍተት ይኸው ነው፤ የዘጋችውም ትልቁ ገዢ፣ መንግሥት ራሱ፣ አንድ ቅርጽ መርጦ አቅራቢዎቹን በዚያ ስላስገባ ነው።

መነሻው ኢትዮጵያ ውስጥም አለ። አሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ለአድራሻነት ይበቃል፤ የመንግሥት ግዢም በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መካሄድ ጀምሯል። ጨረታው ካለቀ በኋላ የሚመጡት ትዕዛዝ፣ የርክክብ ሰነድና ኢንቮይስ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ቅርጽ ቢታወጅላቸው፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ወንበር የሚያቀርብ የባሕር ዳር እንጨት ሥራ ማኅበር ከራሱ የሒሳብ ሶፍትዌር የላከው ኢንቮይስ በቀጥታ የከፋዩ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።