የወጣት አጥቂዎች ምዘና በውድድር ዘመን መባቻ

ከማንኩሳ ወይም ከቡሬ ሜዳ ተነሥቶ ፕሪሚየር ሊግ የደረሰ ወጣት አጥቂ በመጀመሪያዎቹ 5 ጨዋታዎች ግብ ካላስቆጠረ «አልበሰለም» ተብሎ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሊቀር ይችላል። ይህ ፍርድ ችኩል ነው።

በ30 ጨዋታዎች በአማካይ 12 ግብ የሚያስቆጥር ጥሩ አጥቂ እንውሰድ። በፖይሰን ስርጭት ሲሰላ፣ በ5 ጨዋታዎች አንድም ግብ ያለማስቆጠር ዕድሉ 13.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ማለትም እንዲህ ካሉ 7 አጥቂዎች አንዱ ያህል በአጋጣሚ ብቻ ይወድቃል። በአንጻሩ አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና ያስቆጠራቸው 29 ግቦች የሙሉ ውድድር ዘመን ውጤት በመሆናቸው ለፍርድ ይበቃሉ።

ስለዚህ በመባቻው ከግብ ይልቅ የተሰለፈበት ደቂቃና ወደ ግብ ያደረጋቸው ሙከራዎች ይመዝገቡ፤ ሙከራ ከግብ ይልቅ ስለሚደጋገም ችሎታን ቀድሞ ይጠቁማል።