ሙቀት በፀጉር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ሙቀት በአንድ ነገር ላይ የሚያስከትለው ለውጥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሙቀቱ ሲርቅ የሚመለስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን የማይመለስ ነው። በቡና አገርነቱ በታወቀው በከፋ ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። 100 ግራም ጥሬ ቡና በምጣድ ሲቆላ መጀመሪያ በውስጡ ያለው ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ቀጥሎም ቡናው መልኩን ይለውጣል፣ ይንጣጣል። ተቆልቶ ሲመዘን ከ15 እስከ 20 ግራም ያህል ቀንሶ ይገኛል። የወጣውን ውሃ መልሶ ማጠጣት ይቻል ይሆናል፤ የተቆላውን ቡና ግን ማንም ጥሬ ሊያደርገው አይችልም።

የሰው ፀጉርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በቦንጋ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ ፀጉር በፒያስትራ ይተኮሳል። የመተኮሻው ግለት እንደ ዓይነቱ ከ150 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። የቦንጋ አየር ደግሞ እርጥበት የበዛበት ነው። ፀጉር እርጥበትን ከአየር የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ የተተኮሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ተፈጥሮ ጥቅልልነቱ ይመለሳል፤ ስለዚህም እንደገና ይተኮሳል። ጉዳቱ የሚጠራቀመው በዚህ መደጋገም ነው።

ይህ ጉዳት በዓይን ከመታየቱ በፊት በምን ይታወቃል? ተመራማሪዎች በተለይ በሁለት መሣሪያዎች ይጠቀማሉ። አንደኛው ከምድጃ ጋር የተያያዘ ረቂቅ ሚዛን ነው። ጥቂት ሚሊግራም ፀጉር ተቀምጦበት ሙቀቱ ቀስ በቀስ ሲጨመር ሚዛኑ የክብደቱን መቀነስ ይመዘግባል። እስከ 150 ዲግሪ ገደማ የሚወጣው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ይህንንም ፀጉሩ ከአየር መልሶ ይስበዋል። ከ200 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ግን የሚጠፋው የፀጉሩ የራሱ አካል ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ሁለት ትንንሽ ዕቃዎችን፣ አንዱን ፀጉር እንደያዘ ሌላውን ባዶውን፣ በእኩል ፍጥነት እያሞቀ የሚፈልጉትን የሙቀት መጠን ያነጻጽራል። የፀጉር ዋና አካል ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን ነው፤ ሞለኪውሎቹም በከፊል እንደ ገመድ የተጠመዘዙ ናቸው። ጥምዝምዙ ሲፈታ ተጨማሪ ሙቀት ይጠጣል። ይህም በደረቅና ጤናማ ፀጉር ከ230 እስከ 240 ዲግሪ ባለው መካከል ይታያል። በከፍተኛ ግለት ደጋግሞ የተተኮሰ ፀጉር ሲመረመር ግን የሚጠጣው ሙቀት አንሶ ይገኛል፤ ከጥምዝምዙ ከፊሉ አስቀድሞ ተፈትቷልና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የውሃ ነገር ነው። ውሃ የሚያበርድ ስለሚመስል እርጥብ ፀጉርን መተኮስ ጉዳት የሌለው አድርገው የሚያስቡ አሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ፀጉር በውሃ ተነክሮ በታሸገ ዕቃ ሲመረመር ኬራቲኑ በ150 ዲግሪ አካባቢ ይፈታል። ከዚህም በላይ በፀጉሩ ውስጥ ያለው ውሃ በጋለ ብረት ተነክቶ በድንገት ሲፈላ፣ አረፋ ፈጥሮ ፀጉሩን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ ፀጉሩም በዚያው ሥፍራ በቀላሉ ይሰበራል። ስለሆነም የሚተኮስ ፀጉር አስቀድሞ በሚገባ መድረቅ፣ ግለቱም ዝቅ ማለት ይኖርበታል። ለጋ ቅቤ መቀባት ፀጉርን ማለስለሱ አይካድም፤ ይሁን እንጂ ስስ የቅቤ ሽፋን የብረቱን ግለት አያበርድም።

ከራስ ቆዳ በላይ የሚታየው ፀጉር ሕይወት የሌለው ስለሆነ እንደ ቁስል አይሽርም። በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ፀጉር ጫፉ ከአንድ ዓመት ተኩል ያላነሰ ዕድሜ አለው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያገኘውን ግለት እስኪቆረጥ ድረስ ተሸክሞ ይኖራል።