የሞተር ሳይክል አንገት

ኩርሙክ ከአሶሳ በስተሰሜን፣ የሱዳን ድንበር ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ስሟ ከወርቅ ጋር አብሮ ይነሳል፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ብዙ ስደተኞች የገቡባት በር ሆናለች። ወደ ወርቅ ጉድጓዶቹና ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ የሚወስደው መንገድ በበጋ አቧራና ኮረት፣ በክረምት ጭቃና ጎርፍ የቆረጠው ቦይ ነው። መኪና በማይደፍረው መንገድ ሞተር ሳይክል ሰውና ጆንያ ጭኖ ይገባል። ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር አሞርዛቶሪው ያልዋጠው ምት ወደ ላይ ይወጣና አንገቱ ላይ ያርፋል።

አንገት የሚባለው መሪውና የፊት እግሩ (ሹካው) ከቴላዮው፣ ማለትም ከሞተሩ አጽም ጋር የሚገናኙበት ቦታ ነው። በቴላዮው ግንባር ላይ በተበየደ አጭር ቱቦ ውስጥ የመሪው ዘንግ ያልፋል፤ ዘንጉን ላይና ታች ሁለት ኩሽኔታዎች ይሸከሙታል። ሞተረኛው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲያዞር የሚሽከረከሩት እነሱ ናቸው። ከውጭ ስለማይታዩ ብዙ ሰው እስኪበላሹ ድረስ አያስባቸውም።

የሚጎዱትም በተለየ መንገድ ነው። የጎማ ኩሽኔታ ሙሉ ዙር ስለሚዞር ሸክሙን በሁሉም አቅጣጫ ይከፋፈለዋል። የመሪ ኩሽኔታ ግን በጉዞ ላይ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በውስጡ ያሉት ብዮች ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይመታሉ፤ ግራሶው ከሥራቸው ተገፍቶ ይወጣል፤ ብዮቹ የሚሽከረከሩበት ቀለበት ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይወጣሉ። መካኒኮች በዓለም ዙሪያ ይህን ጉዳት የሚጠሩት እ.ኤ.አ. በ1900 የብረትን ጥንካሬ በእንክብል እየተጫነ መለካት ባስተዋወቀው ስዊድናዊ መሐንዲስ በብሪኔል ስም ነው። ቀድሞ የሚሞተው ብዙ ጊዜ የታችኛው ነው፤ ሸክሙም ጎማው የሚረጨው ውኃና አቧራም የሚደርሰው እሱ ጋ ነውና።

ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። ሞተሩ በመሐል መቆሚያው ቆሞ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳል። መሪው በቀስታ ከዳር እስከ ዳር ሲዞር መሐል ላይ ገባ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ቀለበቱ ጎድጉዷል። ቀጥሎ የሹካው ሁለት እግሮች ከታች ተይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይገፋሉ፤ ገጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። መንገድ ላይ ምልክቱ የፊት ፍሬን ሲያዝ የሚሰማው ገጭታና በቀጥታ መንገድ እንኳ መሪውን ደጋግሞ ማረም ነው።

የአንገት ጉዳት በስፖርት ሞተር ላይ ይብሳል። ፍሬኑ ጠንካራ በመሆኑ በድንገት ሲያዝ የሞተሩና የሰውየው ክብደት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደፊት ይወድቃል፤ የኋላ ጎማው ከመሬት እስከመነሳት ይደርሳል። ይህን ሁሉ ተቀብሎ የሚይዘው አንገቱ ነው። እንደ ቲቪኤስ አፓቼ ባሉ ስፖርት ቀመስ ሞተሮች ኮረት መንገድ የሚነዳ ሰው ሁለቱንም ጣጣ ይሸከማል፤ የፍሬኑንም የድንጋዩንም።

መለዋወጫ ሲመረጥ ዓይነቱን ማወቅ ይቀድማል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ያለው ልቅ የብረት ብይ ነው፤ በሌሎች ብዮቹ በቤት ተይዘዋል። ሦስተኛው ከብይ ይልቅ ሾጠጥ ያሉ ትንንሽ ሲሊንደሮች ያሉት ነው፤ አሜሪካዊው ሄንሪ ቲምከን እ.ኤ.አ. በ1898 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዓይነት። ሲሊንደሩ ቀለበቱን የሚነካው በነጥብ ሳይሆን በመስመር ስለሆነ ምቱ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ብዩን አውጥቶ ይህን ያስገጥማል።

ልኩ በሦስት ቁጥር ይነገራል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት። ኩሽኔታው ላይ የታተመው ቁጥርም ይናገራል። 32006 ከተባለ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን 30 ሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ ውጩ 55፣ ውፍረቱ 17 ነው። 32005 ደግሞ 25 በ47 በ15 ነው። ግን የላይኛው ኩሽኔታቸው 26 በ47 በ15 የሆነ የጃፓን ሞተሮች አሉ፤ በአንዲት ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ሰው ዘንጉ ላይ የማይገባ ወይም የሚዋዥቅ ኩሽኔታ ይዞ ይመለሳል። አሮጌውን በካሊፐር ለክቶ መሄድ ያዋጣል። ብዩ ብቻ ሳይሆን የላይና የታች ቀለበቶቹም አብረው ይገዙ፤ አዲስ ብይ በጎደጎደ ቀለበት ላይ ብዙ አይቆይም።

ገጠማው ትዕግሥት ይጠይቃል። ጎማው፣ መሪውና ሹካው ይወርዳሉ። ዘንጉ ሲጎተት ልቆቹ ብዮች እንዳይበተኑ ከሥር ጨርቅ ይነጠፋል። አሮጌው ቀለበት ከውስጥ በኩል በረጅም ብረት አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጎን እየተመታ ይወጣል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከተመታ ይጣመምና ቱቦውን ይፍቃል። አዲሱ ቀለበት ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ ቢያድር ሥራው ይቀላል፤ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ ብረት በ40 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ሁለት ወይም ሦስት ያህል ይጠባል፤ ለጥብቅ ገጠማ ይህች ትበቃለች። ማስገቢያው አሮጌው ቀለበት ራሱ ነው፤ በላዩ ተቀምጦ ይመታል፤ እዚያው ተጣብቆ እንዳይቀር ጎኑ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ድምፁ ከደፍ ወደ ጥርት ያለ ኪንግ ሲቀየር ቀለበቱ መሠረቱን ነክቷል።

ከዚያ ውኃ የማያጥበው ግራሶ በእጅ ተጭኖ በብዮቹ መሐል ይሞላል። የማስተካከያው ዳዶ መጀመሪያ ጠበቅ ይላል፤ መሪው ከዳር እስከ ዳር አምስት ስድስት ጊዜ ይዞራል፤ ዳዶው ይላላና በቀላሉ እንደገና ይያዛል። በትክክል የታሰረ መሪ ጎማው በአየር ላይ እያለ ነካ ሲያደርጉት በራሱ ክብደት ወደ ዳር ይወድቃል። ከጠበቀ ሞተሩ በፍጥነት ላይ እንደ ሰካራም ይንገዋለላል። ቀለበቶቹ መቀመጫቸውን ይዘው ሲረጋጉ ዳዶው ትንሽ ስለሚላላ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈተሻል።

ጋራዡ ወለል ላይ የቀሩት አሮጌ ብዮች ግን ሥራ አያጡም። ሰፈር ውስጥ ብይ የሚጫወት ልጅ ካለ ብረቷን ብይ ለመውሰድ ቆሞ ይጠብቃል።