ከጉባኤው በፊት የሚወሰነው

ስሜን አልጽፍም፣ የሠራሁባቸውን ድርጅቶችም አልጠራም። በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮና በአካባቢዋ ባሉ አክሲዮን ማኅበራት በጀት ሳዘጋጅ፣ ቃለ ጉባኤ ስይዝ የኖርኩ ሰው መሆኔን ማወቁ ይበቃል። የምነግራችሁ በጥሪው ደብዳቤ ላይ የማይጻፍ፣ በአዳራሹም የማይነሳ ጉዳይ ነው። አክሲዮን ያላችሁ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ዓመታዊ ሪፖርቱ ሲታተም «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የሚለው ርዕስ የሚገኘው ወደ መጨረሻው ገጽ ነው፤ ፎቶም አለው። ደብተርና ቦርሳ የተቀበሉ ልጆች፣ ዘይትና ዱቄት የያዙ እናቶች፣ መሃላቸው ሥራ አስኪያጁ። በበጀቱ ውስጥ ግን ይህ ወጪ የሚቀመጠው ከማስታወቂያና ከሕዝብ ግንኙነት ጋር ነው። ዓመቱ ሲከብድና ወጪ ይቀነስ ሲባል ቀድሞ የሚሰረዘውም እሱ ነው። በዚያ ላይ ከየቢሮው «ድጋፍ እንዲደረግልን» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይመጣል፤ አንዴ ለበዓል፣ አንዴ ለግንባታ፣ አንዴ ለስፖርት ውድድር። እምቢ ማለት ስለማያዋጣ ይከፈላል። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ሁሉም ተደምሮ ለኅብረተሰቡ የተበረከተ ተብሎ ይጻፋል። ዱቄቱን የወሰደችውን እናት ጠቅሟታል፣ እሱን አልክድም። በፋብሪካው አጥር ዙሪያ የሚኖረውን ሰው ግን ምን እንደሚያስፈልገው የጠየቀው የለም።

ዋናው ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው።

በአንዱ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ነበር። ገንዳው ሰፊ፣ ቧንቧው ቀለም የተቀባ፣ ለጎብኚ የሚያኮራ። ቀን ይሠራል፣ ማታ ፓምፑ ይጠፋል፤ ፍሳሹም በጓሮ ባለው ቦይ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የጥገናውን ኃላፊ ለብቻው አግኝቼ ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ዝጋ ያለኝ ሰው የለም። የፈቀዳችሁልኝ የኬሚካል በጀት ግን ግማሽ ዓመት እንኳ አያደርሰኝም» አለኝ። እውነቱን ነበር። ማጣሪያው ይዘጋ የሚል ውሳኔ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ አልሰፈረም፤ ሚያዝያ ላይ በበጀት ስብሰባ አንዲት ቁጥር ስትቀነስ ነገሩ ያኔውኑ አልቆ ነበር።

ትንሹ አቃቂ ወንዝ የከተማዋን ምዕራብ ይዞ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። በዳርቻው ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውኃ ይለማል። ተመራማሪዎች ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን በውኃውም በአትክልቱም ውስጥ ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ፋብሪካው ያላወጣውን ወጪ እንግዲህ ጠዋት ገበያ ወርዳ አንድ እስር ቆስጣ የምትገዛ ሴት ትከፍለዋለች። ባለአክሲዮኑም ቤት የሚገባው ያው ቆስጣ ነው።

ብዙ ሰው ድርጅቶች ማጣሪያውን ትተው ልግስናን የሚመርጡት ለግብር ብለው ይመስለዋል። አይደለም። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ልገሳ ለሚታወቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም በመንግሥት የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲሰጥ ይቀነሳል ይላል፤ ግን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ወስኖታል። ለማጣሪያው የሚገዛው ኖራና የሚከፈለው የመብራት ሒሳብ ግን የሥራ ወጪ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለበትም። በግብር በኩል ካየነው ማጣሪያውን ማሠራት ይቀላል። ነገር ግን የማጣሪያው ወጪ ትርፍ ከመቆጠሩ በፊት ይቀነሳል፤ የሥራ አስኪያጁ ቦነስና የቦርዱ ዓመታዊ ክፍያ ደግሞ የሚሰላው ከትርፉ ነው። ለኖራ ከረጢት ደግሞ ማንም ካሜራ ይዞ አይመጣም።

እንዲህ ያልተከፈለ ወጪ መጨረሻው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከኮልፌ መውጣት አያስፈልግም። የቆሻሻ መጣያው ቆሼ እዚሁ ረጲ ነው። የአዲስ አበባ ቤትም፣ ሆቴልም፣ ፋብሪካም ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻውን እዚያ ደፍቷል። በ2008 ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች መሬታችንና ውኃችን ተበከለ ብለው ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ምሽት፣ ክምሩ ተንዶ በሥሩ ያሉትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ የበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፣ ድርጅቶችም ግለሰቦችም እርዳታ ይዘው ደረሱ። ያ እርዳታ ከልብ እንደነበር አውቃለሁ። ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ያ ክምር በማንም የሒሳብ መዝገብ ላይ ዕዳ ሆኖ አልተጻፈም። ሒሳቡን የከፈሉት ክምሩ ሥር ጎጆ የቀለሱት፣ ሃይላንድና ቁርጥራጭ ብረት ለቅመው የሚያድሩት ናቸው። ነሐሴ 2010 እዚያው አጠገብ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ጥሩ ነገር ነው፤ የመጣው ግን ከቀብር በኋላ ነው።

ባለአክሲዮኑን ስግብግብ አድርጎ መሳል ደግሞ ደስ አይለኝም። ጉባኤው ላይ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡትን አውቃቸዋለሁ። ዕቁብ ሲደርሳቸው አክሲዮን የገዙ ቸርቻሪዎች አሉ፣ በጡረታ ገንዘባቸው የገቡ መምህራን አሉ። የትርፍ ድርሻው የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የክረምት ቤት ኪራይ ነው። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን መሸጥ ሲጀምር የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ ወደ 10 ሺህ ብር መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት ጥር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ባለአክሲዮን ማለት እንግዲህ ጎረቤታችሁ ነው። እነዚህ ሰዎች እጃቸውን አውጥተው «ዘንድሮ ስንት በመቶ ነው?» ቢሉ አልፈርድባቸውም። ሌላ ምን መጠየቅ እንደሚቻል ማንም አልነገራቸውም።

ቦርድ ውስጥ ክርክር ሲነሳ «ድርጅት የቆመው ለትርፍ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህን አስተሳሰብ በዓለም ያስፋፋው ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው ብሎ ጻፈ። ግን እሱም ቢሆን በጨዋታው ሕግ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ብሏል። እኛ አገር በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አለ፤ ፓምፑን ማታ የሚያጠፋ ድርጅት በፍሪድማን ሚዛንም አይተርፍም። ህንድ በበኩሏ በ2013 እ.ኤ.አ. ትላልቅ ኩባንያዎች ከትርፋቸው 2 በመቶ ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ በሕግ አስገድዳለች። እኛም እንዲህ እናድርግ የሚሉ አሉ። እኔ ግን እፈራለሁ፤ 2 በመቶውን ከፍሎ ነፃ ወጣሁ የሚል ይበዛል፣ ቦዩም እንዳለ ይቀራል።

ለማጣሪያው ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል መልሱ በዚያው የግብር አዋጅ ውስጥ አለ። ሳይከፋፈልና ወደ ሥራ ሳይመለስ የተቀመጠ የተጣራ ትርፍ ግብር ይከፈልበታል፤ ወደ ካፒታል ከተመለሰ ግን ይህ ግብር አይነካውም። ጉባኤው ከትርፉ ላይ የተወሰነውን ለማጣሪያ ማስፋፊያ፣ ለሠራተኛ ደኅንነት መሣሪያ፣ ለቦይ ሥራ ብሎ ካፒታል ቢያሳድግበት ባለአክሲዮኑ በምትኩ አዲስ አክሲዮን ያገኛል። በእጁ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ለአንድ ዓመት ይቀንሳል እንጂ ሀብቱ የትም አይሄድም። ይህ ሐሳብ እኔ በነበርኩበት ቦርድ ቀርቦ ነበር፤ «ባለአክሲዮኑ አይቀበለውም» ተብሎ አጀንዳ ሳይሆን ቀረ። ባለአክሲዮኑ ግን አልተጠየቀም።

ስለዚህ ጉባኤው እስኪደርስ አትጠብቁ። አብዛኛው ጉባኤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው የሚውለው፤ አጀንዳው ግን ቀደም ብሎ ተዘግቷል፣ አዳራሹ ውስጥ «በልዩ ልዩ ጉዳይ» ብላችሁ የምታነሱት ጥያቄ በምሳ ሰዓት ይሸፈናል። መስከረም ላይ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ለቦርዱ ጸሐፊ በደብዳቤ ጻፉ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉበት፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ቦርዱ ፊት ሳይቀርብ አይቀርም። የጠየቃችሁት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ የሦስት ዓመት የማጣሪያ ኬሚካል ግዢ ከሦስት ዓመት የምርት መጠን ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ይቅረብልን በሉ። ምርቱ እያደገ የኬሚካሉ ግዢ ካነሰ የማጣሪያውን አሠራር የቀየሩበትን ምክንያት እንዲያስረዱ ጠይቁ። ማስረዳት ካልቻሉ ማታ ምን እንደሚሆን አውቃችኋል።