ኮምባይነር ተከትለው ለሚያድሩ ፀሐይ ወይስ ጄኔሬተር?

የስንዴ አጨዳ ሲደርስ በአርሲ፣ በሁሩታና አካባቢዋ የኮምባይነር ሠራተኞች ማሽኑ ካለበት ማሳ ዳር ማደራቸው የተለመደ ነው። ማሳው ላይ የመብራት መስመር የለም። ስልክ ግን መሞላት አለበት፤ ደላላውና ባለማሳው የሚገናኙት በእርሱ ነውና።

ብዙዎች ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ያስነሳሉ። ይሁንና ለሦስት አምፖል ሲባል የሚነሳ ሞተር ጉልበቱ ሳይፈለግ ነዳጅ ይጨርሳል። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳቱ ወጪውን አክብዶታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ መለቀቁ ከውጭ የሚመጣውን የሶላር ፓነልም የሚነካ ቢሆንም፣ ፓነል አንዴ ከተገዛ የዕለት ነዳጅ አይጠይቅም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባለ100 ዋት ፓነል በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ 500 ዋት ሰዓት ያመነጫል፤ ብክነቱ ሲቀነስ 350 ያህል ይተርፋል። ሦስት ባለ10 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት 150፣ ዐሥር ስልኮችም 150 ያህል ቢወስዱ ይበቃል። ባለ12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የመኪና ዓይነት የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። አጨዳው በበጋ መሆኑም ለፓነሉ ይመቻል።

ብየዳ ኪሎዋቶች ስለሚፈልግ ለጄኔሬተሩ ይተዋል። ሲነሳም ከመኝታ ይራቅ፤ በጭሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሳይሸት ይገድላል።

አዋጪው መንገድ የማታውን ለፀሐይ፣ የጥገናውን ለቤንዚን ማከፋፈል ነው።