የቡና ማጠቢያ ሞተሮችን ከርጥበት እንጠብቅ

በጅማና በአካባቢዋ ባሉት በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ ቡና አብቃይ ቦታዎች በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ዝናብ ይጥላል። አብዛኛው የሚጥለው በክረምት ነው። በዚሁ ወቅት የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ ስለሌላቸው የመፈልፈያና የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ለወራት ቆመው ይከርማሉ። ቆሞ የከረመ ሞተር ርጥበት ይስባል። ቡናው ሲቀላ ሳይመረመር ከተነሣ ጥቅል ሽቦው ሊቃጠል ይችላል።

ጉዳቱ በሞተሩ ብቻ አያበቃም። የተለቀመ እሸት ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ በክምር ውስጥ ግሎ ይበላሻል። በታጠበ ቡና ዋጋ ሊሸጥ የነበረው የአባላት ምርት ጀንፈል ሆኖ ይቀራል።

የቫርኒሽ ጥቅም

ቫርኒሽ በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በመሙላት ርጥበትና አቧራ እንዳይገባ ይከላከላል፤ ሽቦዎቹም በንዝረት እንዳይፋተጉ አጣብቆ ይይዛል። ይሁን እንጂ በርጥብ ሽቦ ላይ የተደረገ ቫርኒሽ ውሃውን በውስጥ ያፍነዋል። ስለዚህ ማድረቅ ምንጊዜም ይቀድማል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ሥራው በነሐሴ ወር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይከናወን።

1. ኃይሉን ከዋናው ማብሪያ አጥፍቶና የሞተሩን ገመዶች ነቅሎ፣ በጥቅል ሽቦውና በሞተሩ አካል መካከል በ500 ቮልት ሜገር መለካት። ባለ 380 ቮልት ሞተር ከ5 ሜጋኦም በታች ካሳየ መነሣት የለበትም።

2. ሞተሩን ፈትቶ፣ የሚዞረውን ክፍል አውጥቶ፣ አቧራና ቅባቱን ማጽዳት።

3. የእንፋሎት መውጫ ባለው ሣጥን ውስጥ በአምፖል ሙቀት ቀስ በቀስ ማሞቅ፤ ሙቀቱ ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይለፍ። ልኬቱ ከፍ ብሎ እስኪረጋ ድረስ ማድረቅ። የቀድሞው ቫርኒሽ ካልተሰነጠቀ ወይም ካልተላጠ ማድረቁ ብቻ ይበቃል።

4. ቫርኒሹ ከተጎዳ፣ ሽቦው ለብ እንዳለ ለሞተር በተሠራ ቫርኒሽ ውስጥ አረፋው እስኪያቆም መንከር፤ ከዚያም ማንጠፍጠፍ። የሚዞረው ክፍል የሚገባበትን የውስጥ ገጽ መጥረግ። በመጨረሻም አየር ማስወጫ ባለው የጥገና ቤት ምድጃ፣ በጣሳው ላይ በተጻፈው ሙቀትና ሰዓት ማድረቅ።

ጥንቃቄ

የቤት ዕቃ ቫርኒሽ የሞተር ሙቀት ስለማይችል አያገለግልም። የቫርኒሽ ትነት እሳት ይይዛል፤ በአጠገቡ ሲጋራ አይጨስ፤ የተነከረውም ሞተር ወደ አምፖሉ ሣጥን አይመለስ። ቆሞ የሚከርምን ሞተር በላስቲክ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ርጥበቱን ያፍነዋል፤ ከላይ ከዝናብ መከለል ይሻላል።

የልማት ሠራተኞች ይህን ምርመራ በየማኅበሩ የክረምት ዕቅድ ውስጥ እንዲያስገቡ ያስፈልጋል። በነሐሴ የተለካ ሞተር በጥቅምት ምርት አያስቀርም።